በወደቀ ሰው መሳቅ

ሰው አዳልጦት ሲወድቅ እንስቃለን፤ ካልተጎዳ በግልጽ፣ ከተጎዳ ደግሞ አፋችንን ሸፍነን። ለመሆኑ ይህ ሳቅ ነውር ነውን? «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው ተረታችን ሳቃችንንም ከምሳሮቹ አንዱ አድርጎ የቆጠረው ይመስላል።

ይሁን እንጂ የቤልጅጋዊው ዶሚኒክ አቤልንና የካናዳዊቷ ፊዮና ጎርደንን ፊልሞች ያየ ሰው በዚህ መልስ ብቻ አይረጋም። ባልና ሚስቱ የተገናኙት ፓሪስ በሚገኘው የዣክ ለኮክ የቴአትር ትምህርት ቤት ነው። ፊልሞቻቸውን ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ያዘጋጃሉ፣ ይተውናሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያዘጋጁት ከብሩኖ ሮሚ ጋር ነው። ንግግሩ ጥቂት ነው፤ የሚያስቀው እንቅስቃሴያቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «አይስበርግ» አንዲት የምግብ ቤት ሥራ አስኪያጅ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባት ታድራለች። በማግሥቱ ቤቷ ስትመለስ ባሏም ልጆቿም ማደሯን ልብ አላሉም። እንስቃለን፤ ወዲያው ግን ዓይናችን ወደ ቤተሰቡ ይዞራል። ከብርዱ ይልቅ የጎዳት የሚፈልጋት መጥፋቱ ነውና።

በ2008ቱ «ሩምባ» ደግሞ ዳንስ ወዳድ የሆኑ ባልና ሚስት መምህራን በመኪና አደጋ እርሷ እግሯን፣ እርሱ የማስታወስ ችሎታውን ያጣሉ። የእንጨት እግሯ በእሳት ሲያያዝ ተመልካቹ ይስቃል። «እግሩን በእውነት ያጣ ሰው ቢያየውስ?» ብሎ የሚቆጣ ይኖራል። ቁጣው ተገቢ ነው። ተዋናይዋ ቀረጻው ሲያበቃ በሁለት እግሯ ትሄዳለች፤ እርሱ ግን አይሄድም። በራሱ የሚስቅ ሰው በሌላው የመሳቅ ፈቃድ ሊሰጠን አይችልም።

እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ከሳቁ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። የሚያፌዝ ሰው ስቆ ያልፋል። የአቤልና የጎርደን ካሜራ ግን ራቅ ብሎ ቆሞ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ያሳየናል፤ አቧራውን አራግፎ እስኪነሣም ይጠብቀዋል። ብቸኛ ሰው እንዲህ ታግሦ የሚያየው ስንት ጊዜ ያገኛል? ከንፈር መምጠጥም ቢሆን ሁልጊዜ ደግነት አይደለም። የመጠጥንለትን ሰው ከበታቻችን አስቀምጠን መንገዳችንን የምንቀጥል ብዙዎች ነን።

ስለዚህ መሳቃችን ብቻውን አያስኮንነንም። ስቀን ስናበቃ እጃችንን ዘረጋን ወይስ ኪሳችን ውስጥ ከተትን? የምንጠየቀው በዚህ ነው።