ሸሚዝን አውልቆ ስለ መስጠት

እንግሊዞች አንድን ሰው ስለ ቸርነቱ ሊያመሰግኑት ሲፈልጉ «ከጀርባው ላይ ሸሚዙን አውልቆ ይሰጥሃል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከመጽሐፍ ይልቅ በጨዋታ መካከል የሚሰማ ነው። እኛም ተማሪዎች ሳለን ትርጉሙን «እጅግ ቸር ነው» ብለን በደብተራችን ጽፈን አልፈነው ነበር። ኋላ ስንመረምረው ግን ከዚያ የከበደ ነገር አገኘንበት።

ቃሉ የሚናገረው በሣጥን ስላለ ሸሚዝ አይደለም፤ በገላ ላይ ስላለው ነው። ከትርፉ የሰጠ ሰው መልካም ሰው ይባላል እንጂ ይህ ምስጋና አይደርሰውም። ደግሞም ማንም ስለ ራሱ አይናገረውም፤ ቢናገረው ያስቅበታል።

በወሎ አገራችን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን ስለ ምጽዋት ያስተምራሉ። በሉቃስ ወንጌል መጥምቁ ዮሐንስ አንዱን እንዲያካፍል ያዘዘው ሁለት ልብስ ያለውን ነው። ዘካም ቢሆን ልኩን ሞልቶ ዓመት በዞረበት ገንዘብ ላይ ከ40 አንድ ይወጣል እንጂ የድኻን የገላ ልብስ አይነካም። ይህም ተገቢ ይመስለናል፤ የልጆች አባት የሆነ ሰው ልብሱ የራሱ ብቻ አይደለምና።

ይኸው አሳባችን በሐርቡ ተፈተነ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በጦርነቱ ምክንያት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ጐረፈ፤ ትምህርት ቤቶችም መጠለያ ሆኑ። ሐርቡ ቆላ ናት፤ የደሴ ብርድ ግን የታወቀ ነው። ስለዚህ በሰፈራችን ወደ ደሴ የሚላክ ጋቢና ብርድ ልብስ ይሰበሰብ ጀመር።

አንድ ማታ የቀን ሠራተኛ የሆነ ጎረቤታችን ለብሶት የመጣውን ጋቢ አወለቀና አጣጥፎ ሰጠ። ሌላ እንደሌለው እናውቅ ነበርና «ልጆችህስ ሌሊት ምን ይለብሳሉ?» ብንለው «እኛ ቆላ ነን» ብሎ ሳቀ። ባለቤቱ ባጠገቡ ቆማ ነበር፤ አልሳቀችም፤ አልከለከለችውምም። በማግሥቱ ጧት ትንሹ ልጅ በእናቱ ነጠላ ተጠቅልሎ ከደጃፍ ተቀምጦ አየነው።

ይህ ሰው ደግ አደረገን? ስለ ልጁ ብለን «አላደረገም» ለማለት ቃጥቶን ነበር። ነገር ግን ፈራጁ ማን እንደ ሆነ ማየት ይገባል። እኛ ጋቢ ሁለት ነበረን፤ አንዱን ሰጠን፤ የሰጠነውም ያረጀውን ነው። የታዘዘው አንዱን እንጂ ምርጡን አይደለም ብለን ኅሊናችንን አሳረፍነው። ስለ አባትና ስለ ልጆች ልብስ ያልነው እውነት ሆኖ ሳለ፣ ከእኛ አፍ ሲወጣ አላማረም።

የስጦታውን መዝገብ የያዝነው እኛ ነበርን። በጎረቤታችን ስም ትይዩ «ጋቢ፣ 1» ብለን ጻፍን፤ በራሳችንም ስም ትይዩ «ጋቢ፣ 1»።