በፎቅ ቤት ጎረቤት ማን ነው?

የሰው ልጅ ብቻውን ይኖር ዘንድ አልተፈጠረም። ስለዚህ በየትም አገር ቢሆን ቤቱን ሲሠራ ከሌላው ሰው ቤት አጠገብ ይሠራል። ዳሩ ግን መቀራረብና መጎራበት አንድ ነገር ናቸውን? ሁለት ሰዎች በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ሲኖሩ፥ አንዱ ሌላውን ካልበደለ፥ የጉርብትና ዕዳው ተከፈለ ይባላልን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

በምዕራብ ሸዋ፥ በአዳ በርጋ ወረዳ የምትገኘው እንጭኒ የተወለድንባት ከተማ ናት። ከሙገር ተነሥቶ በእንጭኒ በኩል ወደ ሆለታ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ይመላለሳሉ። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1970ዎቹ ዓመታት፥ የዳንጎቴም ፋብሪካ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ወረዳ የቆሙ ስለ ሆነ፥ የአገራችን ድንጋይ እየተፈጨና እየተቃጠለ የአዲስ አበባ ፎቅ ቤት ሆኗል። ከድንጋዩም ጋር እኛ ልጆቿ ወደዚያው ሄደናል።

በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ቤት ሥራ፥ ከዚያ በኋላ በጀሞ፥ በየካ አባዶ፥ በቦሌ አራብሳና በኮዬ ፈጬ ተስፋፍቶ ብዙ ሕዝብ በዕጣ የቤት ባለቤት ሆኗል። ከሕንፃዎቹ የሚበዙት ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። ሥራው ብዙ ቤተ ሰብ ከሚያፈስስ ጣራና ከሚፈርስ የጭቃ ግድግዳ ያወጣ ስለ ሆነ ልናቃልለው አይገባንም። ነገር ግን ዕጣ ቤትን ይሰጣል እንጂ ጎረቤትን አይሰጥም። ከጎጃም የመጣው፥ ከወላይታ የመጣው፥ ከአምቦ የመጣውም በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፥ ይወርዳሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ በሩን ቈልፎ ይገባል።

እኛም በእንደዚህ ያለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖን ሳለ፥ አክስታችን ከእንጭኒ ሊጠይቁን መጡ። በማግሥቱ ቡና ሲፈላ፥ «ልጄ፥ ጎረቤቶችህን ጥራቸው እንጂ» አሉን። የምንጠራው ሰው ስም ጠፋን። «በዚህ በአጠገብህ ባለው በር ውስጥስ ማን ይኖራል?» ብለው ጠየቁን። እኛም፥ «አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ዝምተኛ ሰው ናቸው፥ ማንንም አያስቸግሩም» ብለን መለስን። እርሳቸው ግን ስኒውን ይዘው ሄዱና በሩን መቱ።

ሽማግሌው ትኩሳት ይዟቸው ከተኙ አራተኛ ቀናቸው ነበር። በዚያ ሳምንት ውኃው ወደ ላይኛው ፎቅ ስላልወጣ ጀሪካናቸው ደርቋል፤ ከታች ቀድተው ይዘው ለመውጣትም ጕልበት አልነበራቸውም። ደግፈን አወረድናቸው፤ ታከሙ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዳኑ።

እዚህ ላይ በደላችንን ሳንሸሽግ እንናገር። ሦስቱን ሌሊት ሳላቸውን ሰምተናል። የእርሳቸው አልጋና የእኛ አልጋ በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ የተቀመጡ ናቸው፤ የግድግዳውም ውፍረት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። እንቅልፍ ቢነሣንም ግድግዳውን መትተን «ዝም በሉ» ባለማለታችን ራሳችንን እንደ ትዕግሥተኛ ቈጥረን ነበር። እርሳቸው ግን በዳኑ ጊዜ የልጆቻችንን ስም አንድ በአንድ ጠሩልን፤ «በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ነው ያወቅኋቸው» አሉን። እኛ የእርሳቸውን ስም ያወቅነው በሕክምናው ካርድ ላይ ሲጻፍ ነው።

እንግዲህ በፎቅ ቤት መልካም ጎረቤት ማለት ድምፁ የማይሰማ ሰው ማለት ሆኗል። ማንንም አልነካሁም፥ ማንንም አልበደልሁም የሚል ሰው ንጹሕ ይመስለዋል። ነገር ግን በኢያሪኮ መንገድ ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው የወደቀውን ሰው አልመቱትም፥ አልዘረፉትምም፤ ያደረጉት ነገር ቢኖር ማለፍ ብቻ ነው። የሚከሰሱትም ስለዚሁ ነው። አለመበደል የጉርብትና መጀመሪያው ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ፥ «የአገር ቤት ጎረቤት ዓይኑ ከባድ ነው፤ ማን እንደ ገባ፥ ማን እንደ ወጣ ይቈጥራል፤ ሐሜቱን ሸሽቶ በተዘጋ በር ውስጥ ዕረፍት ያገኘ ስንት አለ» ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛም አንክድም። ዳሩ ግን የሰውን ገመና መጠበቅ ሌላ ነው፤ ሰውን መተው ሌላ ነው። ባለቤቱ ወድዶ የዘጋው በርና የሚያንኳኳው ሰው ያጣ በር ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለዩት ሲያንኳኩ ብቻ ነው።

በእንጭኒ ጉርብትናን የሚጠብቀው ችግር ራሱ ነበር። አንዱ ከሌላው እሳት ይጫራል፤ አዝመራው በደቦ ይታጨዳል፤ ማለዳ ከአንድ ቤት ጢስ ያልታየ እንደ ሆነ ጎረቤቱ «ምን ሆኑ?» ብሎ ይሄዳል። በፎቅ ቤት ግን ጢስ የለም፤ ችግርም ከበር ውጭ አይታይም። ስለዚህ ቀድሞ ልማድ ይሸከመው የነበረውን ዛሬ ኅሊና ሊሸከመው ይገባል። በጃፓን አገር ብቻቸውን ሞተው ሳይታወቅ ለሚቈዩ ሰዎች ሞት «ኮዶኩሺ» የሚል ስም ወጥቶለታል። እኛም ለእንዲህ ያለው ነገር በቋንቋችን ስም እስክናወጣለት ድረስ መጠበቅ የለብንም።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውንና ጣራውን የጋራ አድርጎ፥ ባለቤቶቹ በማኅበር ተሰብስበው እንዲያስተዳድሩት ያዝዛል። ሕግ የተሰበረ ደረጃ እንዲጠገን ሊያዝዝ ይችላል፤ የሚያስለውን ሰው «እንዴት አደሩ?» በሉ ብሎ ማዘዝ ግን አይችልም። ይህ የሰው ፈቃድ ሥራ ነው። ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም፤ እድር ራሱ የተስፋፋው ከየአገሩ መጥተው በከተማ በተሰበሰቡ፥ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። ያን ጊዜ ባዕድ ለባዕድ ቀባሪ መሆን ከቻለ፥ ዛሬ በአንድ ደረጃ የምንወጣ ሰዎች በሕይወት ሳለን መጠያየቅ እንዴት ያቅተናል? እድራችን የሞተውን ለመቅበር ብቻ ሳይሆን የታመመውን ውኃ ለመቅዳት ይሁን።

አክስታችን በሦስተኛው ቀን ወደ እንጭኒ ሲመለሱ ከፎቁ የሸኟቸው አምስት ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ ከእነዚህም የአራቱን ስም የሰማነው ያን ዕለት ነው። ስለዚህ የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ በፎቅ ቤት የምትኖሩ ሁሉ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከአጠገባችሁ ባለው በር ፊት ጥቂት ቁሙ። በውስጡ ያለውን ሰው ስሙን ታውቁታላችሁን? ካላወቃችሁ አንኳኩ። እኛንም እናንተንም አምላካችን ጎረቤታችንን የምናውቅ ያድርገን። አሜን።