የልብስ ሰፊዋ ሚዛን

በለንደን፣ በሼፈርድስ ቡሽ፣ ጨርቅ ቤቶች በተደረደሩበት በጎልድሆክ መንገድ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልብስ ሰፊ ነበሩ አሉ። በአቅራቢያው ባለው በሐመርስሚዝ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የሚማሩ ሁለት ያገራቸው ልጆች ማታ ማታ እቤታቸው እየመጡ በትርፍራፊ ክር ቋጠሮ ይለማመዱ ነበር። የአንደኛው እጅ ፈጣን፣ የሌላው ዝግተኛ ነበር።

አንድ ምሽት «እትዬ፣ ማንኛችን ይበልጣል? ይፍረዱልን» አሏቸው። ሴትዮዋም ስፖንጅ ሳህን ላይ አጣብቀው ሳህኑን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጡና «እስቲ እዚህ ላይ ቋጥሩ» አሉ።

ፈጣኑ፣ ጓደኛው አንዱን ሳይጨርስ ሦስት ቋጠረ። ነገር ግን ባጠበቀ ቁጥር ክሩን ወደ ላይ ስለሚስበው የሚዛኑ ቀስት ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር፤ በመጨረሻም ስፖንጁ ተቀደደ። ዝግተኛው ሲቋጥር ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎት ቀና ሲል ግን ሴትዮዋ ቋጠሮውን ሳብ አደረጉት፤ ተንሸራቶ ተፈታ።

«አንተ ሥጋውን ትቀድዳለህ፤ አንተ ደግሞ ደሙን ትለቃለህ» አሉ። «ማን እንደሚበልጥ አልፈርድም። ሚዛኑን ውሰዱትና ለየራሳችሁ የጎደላችሁን ይንገራችሁ።»

የቀዶ ሐኪም ቋጠሮ እንዲህ ነው። በየዙሩ ክሮቹ አቅጣጫ ካልተቀያየሩ ይንሸራተታል፤ ወደ ላይ ከተሳበ ደግሞ የሚታሰረውን የደም ሥር ሊቀድድ ይችላል። ይህን ስሕተት የሚሠራው እጅ ራሱ አያውቀውም። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ ከነሱም መካከል ቀዶ ሐኪሙ ሎርድ አራ ዳርዚ፣ በእጅ ጀርባ ላይ በሚለጠፍ መከታተያ የእንቅስቃሴውን ብዛት፣ እጁ የሄደበትን ርቀትና የፈጀውን ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተዋል። የተካነ እጅ በጥቂት እንቅስቃሴ ይጨርሳል። ይሁንና መሣሪያው የእጁን መንገድ እንጂ የቋጠሮውን ጥንካሬ አይለካም፤ ጥንካሬው የሚታወቀው ተስቦ ነው።

ልኬት የሚጠቅመው ሲያርም ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በኢትዮጵያ የፊስቱላ (በወሊድ ጉዳት የሚመጣ ቀዳዳ) ሐኪሞች የነበሩት የሐምሊን ባልና ሚስት ታካሚ ሆነው መጥተው፣ ከጎናቸው ቆመው እያዩና እየታረሙ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያው ለንደን ያለው የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። እጃቸውን ያሠለጠነው የዕለት ተዕለት እርማት ነበር።

በአገራችን ቀዶ ሕክምና የምታስተምሩ ሁሉ፣ ውድ መሣሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ። ክር፣ ስፖንጅና የወጥ ቤት ሚዛን አዘጋጁ፤ ቋጠሮውን ሳቡት፤ ቀስቱን ለተማሪው አሳዩት። ተማሪው የሚሳሳተው በስፖንጅ ላይ ይሁን፤ በሰው ሥጋ ላይ አይሁን።