ስለ ዝናም መጸለይና ስለ ዝናም ማወቅ

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ትጠራዋለች፤ ይህንንም ክረምት እንደ ገና ከፋፍላ፣ ዘሩና ደመናው፣ መብረቁና ነጐድጓዱ የሚታሰቡበትን ጊዜ ከመደበች በኋላ፣ ወደ ነሐሴ አጋማሽ ስትደርስ ዕጓለ ቋዓትን፣ ደሰያትንና ዓይነ ኵሉን፣ ማለት የቁራ ጫጩቶችን፣ በውኃ የተከበቡ ደሴቶችንና ምግባቸውን ከፈጣሪያቸው እጅ የሚጠባበቁ ፍጥረታትን ሁሉ ታስባለች። ከተማችን ስሙን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል፣ ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበትና ሙልሙል የሚቀበሉበት ነሐሴ 13፣ የሚውለው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከባሕር ወለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹም የውቅያኖስን ሞገድ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የደጋ ሰዎች፣ የገዛ ማሳቸው ጉዳይ ሳያንሳቸው ስለ ደሴቶች እንዲያስቡ የሠራው ሥርዓት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ደሰያት ሲባል ጣናና በውስጡ ያሉት ገዳማት በልቡ የሚመጡበት ሰው ቢኖር አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ጸሎቱ ከጣና አልፎ ይሄዳል፤ እስከ የት እንደሚሄድም የአየርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት በዘመናችን አሳይተውናል።

በክረምት በጉና ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናም ርጥበቱ ከሩቅ የመጣ ነው። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ሞሪሸስና ሬዩንዮን በሚገኙባቸው በማስካሬን ደሴቶች ስም የሚጠራው ከፍተኛ የአየር ግፊት፣ እንዲሁም በደቡብ አትላንቲክ በቅድስት ሄለና ደሴት ስም የሚጠራው ሌላው ግፊት፣ ርጥበት ያዘለውን ነፋስ ከምድር ወገብ ወዲህ እየገፉ ይልኩታል፤ ያም ነፋስ ከተራሮቻችን ጋር ተጋጥሞ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና፣ ደመናውም ዝናም ይሆናል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ጠባይ አስቀድሞ ሲመረምር ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የእነዚህ የደሴት ግፊቶች መበርታትና መድከም ነው፤ ካህኑም በነሐሴ ደሰያትን ሲያስብ፣ የጉና ገብስና ድንች የሚጠጡት ውኃ የተነሣበትን አቅጣጫ እያሰበ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። የዝናሙ ምክንያት ከታወቀ፣ መምጣትና መዘግየቱም በየዐሥሩ ቀን፣ በየወሩና በየወቅቱ አስቀድሞ የሚነገር ከሆነ፣ በመስተብቍዕ ስለ ዝናማት የሚቀርበው ልመና፣ ሰማይም ሲጠብቅ ሕዝቡ የሚያደርገው ምህላና እግዚኦታ ምን ይሠራል? አንዱ ወገን ትንበያውን በምክረ እግዚአብሔር ውስጥ እንደ መግባት ቈጥሮ ይሸሸዋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ምክንያቱ ከተገኘ ጸሎቱ ከንቱ ነው ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፤ ሁለቱም እግዚአብሔር የሚሠራው እኛ ምክንያቱን በማናውቀው ስፍራ ብቻ ነው ብለው ያስባሉና፤ መግቦቱ ግን በነፋሱም በግፊቱም ውስጥ ነው፤ ነፋሱን በስሙ ማወቅ ላኪውን አያስቀረውም። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል በምዕራብ የወጣውን ደመና አይተው ዝናም ይመጣል የሚሉትን ሰዎች ሲናገር፣ ሰማዩን ማንበባቸውን አልነቀፈም፤ የነቀፈው ዘመኑን አለማንበባቸውን ነው።

ደግሞም ትንበያ ራሱ ትሑት ዕውቀት ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በአየር ጠባይ መነሻ ላይ ያለች እጅግ ትንሽ ልዩነት ቀን በቀን እየሰፋች ትሄዳለች፤ በዚህም ምክንያት የአንድን ቀን አየር ከሁለት ሳምንት ገደማ አሳልፎ በዝርዝር መናገር አይቻልም፤ የወቅቱ ትንበያ የሚቻለው የባሕር ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛው በታች የመሆኑን ዕድል በመቶኛ ይናገራል እንጂ አይምልም። ሐዋርያው ያዕቆብ ነገ እንዲህ እናደርጋለን የሚሉትን ጌታ ቢፈቅድ እንዲሉ ካዘዛቸው፣ ከዚህ ይልቅ ለዚያ ትእዛዝ የሚቀርብ የሳይንስ አነጋገር አላውቅም።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነገር ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ በላይ ያለው ገበሬ እንኳን ወረደ ብሎ የሚያመሰግንበት ዝናም፣ በታች ላለው የሩዝ ገበሬ ጎርፍ ሆኖ ቤቱን ሊያፈርስ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የጣና ዙሪያ ሰዎች ይህን በጽኑ ቀምሰውታል። እንግዲህ የጉናው ሰው ጨምርልን፣ የፎገራው ሰው አብቃልን ብለው በአንድ ቀን ቢለምኑ የማንኛቸው ይሰማል? ይህን ጥያቄ የሚፈታ ፍልስፍና አላገኘሁም። ነገር ግን የላይኛው ሰው ዝናሙ ወዴት እንደሚወርድ ካወቀ ጸሎቱ ለራሱ ማሳ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ እጁም እርከን ከመሥራትና ተዳፋቱን በዛፍ ከመሸፈን ሊቦዝን አይገባውም። ዕውቀት ጸሎትን አላጠፋችውም፤ ወሰኑን አሰፋችው፤ ዕዳም ጨመረችበት።

ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱን የራብ ዓመታት አስቀድሞ ባወቀ ጊዜ ያደረገው ጎተራ መሥራት ነበር። በእኛም አገር በ2007 ዓ.ም. የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት፣ ኤል ኒኞ የሚባለው፣ የክረምቱን ዝናም እንደሚያሳንስ እየታየ ነበር፤ በተከተለው ዓመት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ወገኖቻችን የእህል ርዳታ ፈለጉ። አስቀድሞ የታወቀ ድርቅ ራብ እስኪሆን ከተጠበቀ፣ የሚጠየቅበት ሰማይ አይደለም፤ የሰው ኅሊና ነው።

ስለዚህ የደብረ ታቦርንና የአካባቢዋን ካህናት እለምናለሁ፦ የኢንስቲትዩቱ የዐሥር ቀን ትንበያ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ በዐውደ ምሕረት ይነበብ፤ በዚያው ቀን የጉናው ምእመን ለፎገራው፣ የፎገራውም ለጉናው እንዲጸልይ ይታዘዝ።