ሠላሳ ብሎ ማቆም

«እንጨቱ ገና እያተመለት ሰውየው ለምን ያቆማል? መምህር፣ ይሄ ዕቃ ደብቆ ዋጋ መጠበቅ አይደለም ወይ?»

ይህን ያሉኝ ሎግያ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ናቸው። ሰመራ ቤቴ መጥተው ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ሲያዩ፣ ከግርጌው በእርሳስ የተጻፈው 12/30 ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ከታተሙት ሠላሳ አሥራ ሁለተኛው መሆኑን፣ ከሠላሳ በላይም እንደማይታተም ነገርኳቸው።

ጥያቄያቸውን አቅልዬ አላየሁትም። በእስልምና ሰው የሚቸገርበትን ዕቃ አከማችቶ እስኪወደድ መጠበቅ፣ ኢሕቲካር የሚሉት፣ የተወገዘ ነው። በጅቡቲ መንገድ ዳር ለሚነግድ ሰው ይህ የኪታብ ቃል ብቻ አይደለም፤ ዱቄትና ዘይት ሲደበቅ የማን ቤት ጦሙን እንደሚያድር ያውቃል።

እንዲህ አልኳቸው፦ «ሐጂ፣ ዕቃ የሚደብቅ ሰው ያለውን ይሸሽጋል። ይሄ ሠዓሊ የሸሸገው የለም። ገና ያልታተመውን አላትምም ብሎ ወሰነ፣ ውሳኔውንም ወረቀቱ ላይ ለሁሉም ጻፈው። የዘይት ቀለም ሥዕል አንድ ብቻ ተሠርቶ አንድ ሀብታም ቤት ይገባል፤ ሠዓሊውን ንፉግ የሚለው የለም። በዚህ ግን ሠላሳ ቤት ደረሰ፣ አንዱም የኔ የመምህሩ ቤት ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «እንጨቱ በእጁ ካለ ነገ ተነስቶ ቢያትምስ?» አሉኝ።

ነገሩ የእምነት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኅትመቱን አውርጄ ጀርባውን አሳየኋቸው። ወረቀቱ በማሽን አልተጫነም፤ በማንኪያ ጀርባ እየታሸ ነው ቀለሙን የጠጣው። የታሸበት ቦታ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ያብለጨልጫል፣ በጣት ሲዳስሱትም የእንጨቱ ጅማት ይሰማል። ይህ የእጅ ሥራ መሆኑን ያረጋግጣል። ሠላሳ ላይ መቆሙን ግን ወረቀቱ ሊመሰክር አይችልም። እሱን የሚመሰክረው የሠዓሊው ቃል ብቻ ነው። ጠንቃቃ ሠዓሊ የመጨረሻውን ካተመ በኋላ እንጨቱን ከዳር እስከ ዳር ይሰነጥረዋል፤ አንዳንዱም ከተሰነጠረው እንጨት አንድ አትሞ ለማስረጃ ያስቀምጣል። የገዛ እጁን ሥራ ለቃሉ ሲል ያበላሸዋል ማለት ነው። እኔ ይህን ከስእለት አሳንሼ አላየውም።

መገልበጥ በራሱ ነውር የለበትም። ከሰመራ ብዙም በማይርቀው ሐዳር በ1967 ዓ.ም የተገኘችው ድንቅነሽ አጽሟ አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ጎብኚ የሚያየው በአምሳሉ የተሠራውን ነው። ሌሎች ቅጂዎችም በየአገሩ ሙዚየም አሉ። ማንም አልተታለለም፣ አጥንቱ ይሄ ነው ያለ የለምና። በእንጨት ቅርጽ ኅትመት ደግሞ «ዋናው» የሚባል ተለይቶ የተቆለፈበት የለም። ሠላሳውም ዋና ናቸው፤ 1/30 ከ30/30 አይበልጥም። ሰው ከቁጥሩ ትንሽነት ይልቅ የቆጠረውን ሰው ቢመረምር ይሻለዋል።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የምትኖር አንዲት ወዳጄ በኮምፒውተር ማተሚያ የወጣ ሥዕል 5/50 ተብሎ ተሸጦላት ነበር። ከወራት በኋላ ያው ሥዕል መጠኑ ጥቂት ሰፍቶ፣ እንደገና ከአንድ ተቆጥሮ ገበያ ወጣ። ሻጩ «ይሄ ሌላ ኅትመት ነው» አላት። በንግዱ ዓለም የተለመደ ነው ይላሉ። እኔ ማታለል እለዋለሁ። በኮምፒውተር መታተሙን አልነቅፍም፤ ግን ፋይል እንደ እንጨት አይሰነጠርም፣ ስለዚህ እንዲህ ያለውን የሚሸጥ ሰው ቃሉን አብልጦ መጠበቅ አለበት።

የእንጨት ቅርጽ ጥበብ በአገራችን ባለቤት ያለው ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ በመሠረቱት፣ በ1950 ዓ.ም በተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ጀርመን ተወልዶ ብራዚላዊ የሆነው ሀንሰን ባሂያ በ1950ዎቹ አጋማሽ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምሯል። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነው። ዛሬም ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ መጨረሻ የተመራቂዎቹን ሥራ ለሕዝብ ያሳያል። ደመወዝተኛ ሰው ኅትመት መሰብሰብ ከፈለገ ከዚያ ይጀምር፤ ወጣቱ ሠዓሊ ራሱ ከሥራው አጠገብ ቆሞ ስለሚገኝ ዓይን ለዓይን እየተያዩ መጠየቅ ይቻላል።

ሐጂ አንድ ነገር ብቻ አከሉ። ሰው ቃሉን መጠበቁን የሚያየው አላህ ነው፣ ገዢው ግን መጠየቅ አለበት አሉኝ። ልክ ናቸው። ስንት እንደታተመ፣ ከቁጥሩ ውጭ ለሠዓሊው የቀረ ስንት እንዳለ፣ እንጨቱም የት እንደደረሰ ጠይቁ። በግልጽ ካልተመለሰላችሁ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።