ቀድሞ የገባ ሁሉ ባለቤት ነውን?

በአንድ ሰፈር ቀድሞ መኖር ኋላ የሚመጣውን ለመከልከል የሞራል መብት ይሰጣል? የዋሽንግተን ዲሲ ጎረቤት የሆነችውን ሲልቨር ስፕሪንግን እንመልከት። ዛሬ የአማርኛ ጽሑፍ በሱቆቿ መስኮት ላይ ይነበባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ግን የብዙ ቤቶቿ ሰነድ ለጥቁር መሸጥንም ማከራየትንም ይከለክል ነበር፤ እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኛን ብቻ ይፈቅዱ ነበር። ልብ በሉ፦ ጥቁር ሰው እዚያ ማደሩ አላስከፋም፤ ያስከፋው ጎረቤት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ እንዲያው በተፈጥሮው የነጮች ነበር ማለት አይቻልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ፍርድ ቤቶች ውሉን እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ በ1968 የወጣ የአገሪቱ ሕግ ደግሞ የመኖሪያ ቤት አድልዎን ከለከለ።

ነባሩ ነዋሪ የለመደው አካባቢ ሲለወጥበት ያዝናል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ሁሉንም ዘረኝነት ብሎ ማጣጣል ግፍ ይመስለኛል። ሐዘን ግን በር የመዝጋት ሥልጣን አይሆንም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 መሬት ለዘለቄታ እንዳይሸጥ ሲያዝ፣ እስራኤልን በገዛ ርስቷ ላይ እንግዳ ያደርጋታል፤ ርስት እንኳ ይህን ያህል ብቻ ከሆነ የሰፈር ነባርነት ምን ያህል ይመዝናል?

ክርክሩ እኛንም ይይዛል። በሲልቨር ስፕሪንግ የሰፈረው ኢትዮጵያዊ የገባው ጥቁር አሜሪካውያን በትግላቸው ባስከፈቱት በር ነው። ታዲያ «እኔ እንደ እነሱ አይደለሁም» ሲል፣ ወይም አዲስ ስደተኛ ጎረቤት ሲመጣ ስለ ቤቱ ዋጋ ሲሰጋ፣ ያንኑ የተሻረ ውል በልቡ ይፈርማል።