የሁሉ የሆነውን ማን ይጠብቀዋል?

የጋራ የሆነ ሀብት ሁሉ አንድ ጥያቄ ያስከትላል። የግል ቤት ጣራው ሲያፈስ ባለቤቱ መሰላል አቁሞ ይወጣበታል። የሕዝብ ንብረት ሲበላሽ ግን ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ያዝናል፤ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ግን ሳይታወቅ ይቀራል። በመሆኑም የሀብቱ ባለቤት ማነው ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ጠባቂውስ ማነው የሚለው ይነሣል።

ለዚህ ጥያቄ ጥንታዊ መልስ ከሰጡት አንዱ የመንዝ ደጋ ሕዝብ ነው። በመሐል ሜዳ አካባቢ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት አንሥቶ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ይተዳደር ነበር። በአባ ቄራ መሪነት መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ ይከፈታል፤ ባለመብቱም ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ያጭዳል። ጊዜው ሳይደርስ ማጭድ ያነሣ ይቀጣል። ይሁን እንጂ የሥርዓቱ ሌላ ገጽታ ሊዘነጋ አይገባም። መብቱ ከአጽመ ርስት የሚመነጭ ስለነበረ፣ የትውልድ ሐረጉ የማያደርሰው ሰው ድርሻ አልነበረውም። ጥበቃው ጽኑ፣ በሩ ግን ጠባብ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስት ሥርዓት ሲሻር በሩ ተከፈተ፤ ከርስቱ ጋር ግን የጥበቃው ሕግም አብሮ ስለ ፈረሰ ጓሳው ተጎዳ። ነዋሪው ውሎ አድሮ ጥበቃውን በኮሚቴ እንደገና ማቋቋም ግድ ሆነበት።

በአዲስ አበባ የታየው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር በሩ ሰፊ ነበር። ሁለቱ መስመሮች፣ አንዱ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። ዋጋው ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር ስለነበረ የቀን ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ጉሊት ነጋዴዋም ተሳፈሩበት። ዓመታት ሲያልፉ ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ምትክ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው፤ ከትኬት የሚገኘውም ገቢ ወጪውን አይሸፍንም።

እንግዲህ ዋጋው ከፍ ይበል የሚል ይኖራል። ነገር ግን ዋጋን ከድሃው አቅም በላይ መስቀል በርን መልሶ ማጥበብ ነው። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ባቡሩን ሳይጠግኑ መተውም ቢሆን ያንኑ ድሃ መልሶ በእግሩ ማስኬድ ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚጎዱት አንድ ሰው ነው።

መውጫው ጥገናን የሥራው አካል አድርጎ ማቀድ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማ ቆረቆረ፤ በዚያችም ከተማ የጥገና ወርክሾፕ ተቋቋመ። ኩባንያው የባዕድ ነበር፤ ይሁንና የአገር ልጅ መዶሻውን ጨብጦ ሙያውን ተማረ፤ ለልጁም አስተማረ። የእስክንድርያ ወደብ ትራምም እ.ኤ.አ. በ1863 በፈረስ እየተጎተተ ጀምሮ፣ በእንፋሎት፣ ኋላም በኤሌክትሪክ እየሄደ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሕዝቡን ያገለገለው፣ እያንዳንዱ ትውልድ የተረከበውን እያደሰ ስላስተላለፈ ነው።

ማቀድ ያለበት መንግሥት መሆኑ አያጠያይቅም፤ ጠጋኙን የሚያከብር ኅሊና የሚቀረጸው ግን በትምህርት ቤትና በመድረክም ነው። ለምረቃ በዓል መዝሙር አይጠፋም። ሌሊት ፉርጎ ሥር ተኝቶ ብሎን ለሚያጠብቀው ሠራተኛ ግን ግጥም የጻፈ፣ ተውኔት ያሳየ ጥቂት ነው። ልጁ በክፍል ውስጥ ባቡር ሲሥል የሚሥለው የሚሮጠውን ነው፤ የሚጠገነውንም እንዲሥል የሚነግረው መምህር ያስፈልገዋል።